የመስቀሉ ቅዝቃዜና የምጣዱ ትዕግሥት

ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተቆረቆረችው በደብረ ብርሃን፣ ሣሩ ውርጭ ተሸክሞ በሚያድርበት በታኅሣሥ ወር፣ የኪዳን ጸሎት ደርሶ ምእመናን መስቀል ለመሳለም ወደ ካህናቱ በሚቀርቡበት በአንድ ማለዳ፣ እኔም ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ከተርታው መካከል ቆሜ ነበር። ከፊት የነበሩት ቄስ በቀኝ እጃቸው የያዙት መስቀል የነሐስ ነበር፤ ሕዝቡ በየተራው ግንባሩንና ከንፈሩን ባስነካ ቁጥር ሕፃናቱ ዓይናቸውን ጨፈን፣ ሽማግሌዎቹም ትከሻቸውን ሰብሰብ ያደርጉ ነበር፤ ብርዱ ከነሐሱ ተነሥቶ እስከ አጥንት የሚዘልቅ ይመስላልና። ጥቂት ራቅ ብለው የቆሙት አረጋዊ መነኩሴ የያዙት ግን ከወይራ የተጠረበ፣ ከመሳለም ብዛት ገጹ የለሰለሰ የእንጨት መስቀል ነበር፤ ከእርሳቸው ዘንድ የተሳለመ ሁሉ ፊቱን ሳያጨማድድ ተባርኮ ያልፋል። እኔም ሁለቱንም ተሳለምሁ፤ ነሐሱ እንደ በረዶ፣ እንጨቱ እንደ ሰው መዳፍ ሆኖ ተሰማኝ።

እነዚያ ሁለት መስቀሎች ሌሊቱን ያደሩት በአንድ ዕቃ ቤት፣ በአንድ አየር ውስጥ ነው። በዚያች ሰዓት ቴርሞሜትር ቢቀርብላቸው ኖሮ የሁለቱም ዲግሪ እኩል ሆኖ በተገኘ ነበር፤ ነሐሱ ከእንጨቱ አልቀዘቀዘም፣ እንጨቱም ከነሐሱ አልሞቀም። ታዲያ ግንባራችን በአንዱ ላይ «ብርድ» ብሎ የፈረደው፣ ሌላውን በነጻ ያሰናበተው በምን ምክንያት ነው? ጫማችንን አውልቀን ወደ ቅኔ ማሕሌቱ ስንገባ የድንጋዩ ወለል እግራችንን ሲቆረጥመው፣ ከድንጋዩ ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ ግን የሚያሳርፈንስ ስለ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ እስከ ፍጻሜው የተከተለ ሰው፣ ከቤተ መቅደስ ተነሥቶ በምጣዱና በጀበናው፣ በጋቢውና በቤቱ ጣሪያ በኩል አልፎ፣ ከፍጥረት ሥርዓት አንዱን ታላቅ ምሥጢር ያገኛል።

የጥንት ሊቃውንት ዓለም ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት መገኘቷን ሲያስተምሩ፣ ለእያንዳንዱ የየራሱን ሙቀትና ቅዝቃዜ፣ ርጥበትና ይብሰት መድበውለት ነበር፤ በዚህ ትምህርት የኖረ ሰው ብረትን በተፈጥሮው ቀዝቃዛ፣ ሱፍን በተፈጥሮው ሙቅ አድርጎ ቢቆጥር አያስደንቅም፤ አምስቱ ሕዋሳቱ የሚመሰክሩለትም እንዲሁ ነውና። ዳሩ ግን መዳሰስ የተባለው ሕዋስ በዚህ ነገር ላይ ሌላውን አይቶ ሌላውን የሚናገር ምስክር ነው። የቆዳችን ሙቀት 33 ዲግሪ ያህል ነው፤ ከእርሱ የቀዘቀዘ ነገር ስንነካ ሙቀት ከእኛ ወደዚያ ነገር ይፈልሳል፤ ሕዋሳችን የሚያውቀውም ይህ ፍልሰት ምን ያህል ፈጣን እንደ ሆነ ነው። ነሐሱ ከግንባራችን የተቀበለውን ሙቀት ወዲያውኑ ወደ ሰውነቱ ሁሉ ይበትነዋል፤ ስለዚህ የነካነው ገጹ ፈጥኖ አይሞቅም፣ ከእኛም መውሰዱን አያቋርጥም። እንጨቱ ግን የተቀበለውን ጥቂት ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያሻግርበት መንገድ ጠባብ ስለ ሆነበት፣ በተነካው ገጹ ላይ ይዞት ይቀራል፤ ገጹም በቅጽበት እንደ ግንባራችን ይሞቅና ፍልሰቱ ይገታል። እንግዲህ በዕለት ንግግራችን «ቀዝቃዛ ነገር» የምንለው፣ ብዙውን ጊዜ ሙቀታችንን ፈጥኖ የሚወስደውን ነገር ነው።

ይህን ፍጥነት ለመለካት ሊቃውንቱ የተስማሙበት ሥርዓት አለ። ከአንድ ነገር አንድ ሜትር ውፍረትና አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ግንብ ቢሠራ፣ የአንደኛው ገጹ ሙቀትም ከሁለተኛው ገጹ በአንድ ዲግሪ ቢበልጥ፣ በግንቡ ውስጥ ስንት ዋት ሙቀት ይሻገራል ብለው ይጠይቃሉ፤ የሚገኘው ቍጥር የዚያ ነገር ሙቀት አስተላላፊነት ይባላል። በዚህ ሚዛን ብር ወደ 430፣ መዳብ ወደ 400፣ ወርቅ 315 ያህል፣ አሉሚኒየም 235 ያህል ይመዝናሉ። ነሐስ እንደ ቅልቅሉ ዓይነት ከ110 ግድም፣ ንጹሕ ብረት ከ80 ግድም፣ በየወጥ ቤቱ የሚያብለጨልጨው የማይዝገው ብረት ግን ከ15 ግድም ናቸው። ከብረታ ብረት ወገን ወጥተን ስንወርድ ጠጣር ድንጋይ 2 ወይም 3፣ ሸክላና ብርጭቆ 1 ያህል፣ ውሃ 0.6፣ እንጨት ከ0.1 እስከ 0.2፣ የተባዘተ ጥጥና ሱፍ 0.04 ያህል፣ ከሁሉ በታች የረጋ አየር 0.025 ሆነው እናገኛቸዋለን። ነሐሱ ከወይራው መስቀል ከ500 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ በመዳብና በአየር መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 16,000 እጥፍ ነው።

ይህ ደረጃ በሰው ዘንድ የታወቀው በአንድ ቀን አይደለም። በ18ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ፣ በኦስትሪያ ቤተ መንግሥት ሐኪም የነበረው ሆላንዳዊው ያን ኢንገንሁስ፣ ወዳጁ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ባመነጨለት ሐሳብ፣ በውፍረትና በርዝመት እኩል የሆኑ የልዩ ልዩ ማዕድናት ዘንጎችን በሰም ለብጦ የአንድ ወገን ጫፋቸውን በአንድነት አሞቀ፤ ከዚያም ሰሙ በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ እስከ ምን ድረስ ቀልጦ እንደ ተጓዘ ተመለከተ። ሰሙ ራቅ ብሎ የቀለጠበት ዘንግ ሙቀትን አብልጦ የሚያሳልፍ ነው፤ ብርም ከሁሉ ቀድሞ ተገኘ። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ፈተና በሰማ ጊዜ ልቡ ወደ ሰምና ወርቅ መሄዱ አይቀርም፤ በዚህም ሰሙ ሲገለጥ ወርቁ ታይቷልና።

ከኢንገንሁስ በኋላ ነገሩን በሒሳብ ሕግ ያጸናው ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፉሪዬ ነው። እርሱ በ1768 እ.ኤ.አ. በኦሴር ከተማ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ፣ በቤኔዲክት ማኅበር መነኮሳት ትምህርት ቤት ያደገ፣ አስቀድሞም ለምንኩስና ታጭቶ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ኋላ በናፖሊዮን ዘመን በግሬኖብል ተቀምጦ የኢዜር አውራጃ ገዥ ሆኖ ሳለ፣ ከአስተዳደሩ ሥራ በተረፈው ጊዜ ሙቀት በጠጣር አካል ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ሲመረምር ኖረ፤ የድካሙንም ፍሬ በ1822 በታተመው መጽሐፉ ለዓለም አበረከተ። ሕጉ በአጭር ቃል ይህ ነው፦ የሙቀቱ ፍልሰት በሁለቱ ገጾች መካከል ባለው የዲግሪ ልዩነትና በገጹ ስፋት መጠን ይጨምራል፣ በውፍረቱ መጠን ይቀንሳል፣ የቀረውን የሚወስነው የነገሩ ባሕርይ ነው። ካህኑ ፍም የያዘውን ጽና በሰንሰለቱ ይዘው ሲያጥኑ እጃቸው የማይቃጠለው በዚህ ሕግ ነው፤ ሰንሰለቱ ነሐስም ቢሆን፣ ቀለበቶቹ ቀጫጭን መንገዱም ረጅም በመሆናቸው፣ በመንገድ ላይ ያለው ትንሽ ሙቀት ወደ አየሩ እየተበተነ ከእጃቸው ሳይደርስ ያልቃል።

ባሕርይ ያልነው ነገር ምክንያቱ በጥልቅ ውስጥ ነው። የማናቸውም ጠጣር ነገር አቶሞች በየስፍራቸው ሆነው ይንቀጠቀጣሉ፤ ሙቀት ሲበረታባቸው መንቀጥቀጡ ይበረታል፣ አንዱም አጠገቡ ያለውን እየገፋ ያነቃንቀዋል። በሸክላና በእንጨት ውስጥ ሙቀት የሚሄደው በዚህ መንገድ ብቻ ነው፤ በደቦ ተሰልፈው ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉ ሰዎች ያለ ሥራ ነውና ዝግ ይላል፣ የአቶሞቹም አሰላለፍ የተዘበራረቀ ስለ ሆነ ብዙው በመንገድ ይሰናከላል። በብረታ ብረት ውስጥ ግን ከአንድ አቶም ጋር ያልታሰሩ፣ በሰፊው የሚመላለሱ ኤሌክትሮኖች አሉ፤ እነዚህ እንደ ፈረሰኛ መልእክተኛ ሙቀቱን ከዳር እስከ ዳር ያደርሱታል። የኤሌክትሪክን ኃይል የሚሸከሙትም እነርሱው ስለ ሆኑ፣ ቪደማንና ፍራንዝ የተባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት በ1853 እንዳረጋገጡት፣ ኤሌክትሪክን አብልጦ የሚያሳልፍ ማዕድን ሙቀትንም አብልጦ ያሳልፋል። ከዚህ ደንብ ወጥቶ የሚያስገርመን አልማዝ ነው፤ ነጻ ኤሌክትሮን የሌለው ሆኖ ሳለ፣ የካርቦን አቶሞቹ እጅግ ጽኑ በሆነ ማሰሪያና ፍጹም በሆነ ሥርዓት ስለ ተሰለፉ፣ አስተላላፊነቱ ከ2,000 ያልፋል፤ ይኸውም የመዳብ አምስት እጥፍ ነው።

በሌላው ጫፍ ያለው አየር ነው፤ ደጋማው ሕዝባችንም ከጥንት ጀምሮ የለበሰው አየር ነው ብል ከእውነት አልወጣም። ጋቢ የሚያሞቀን ራሱ ሙቀት ኖሮት አይደለም፤ አራት ድርብ ሆኖ የተሸመነው ጥጥ በክሮቹ መካከልና በድርቡ መካከል አየርን አስሮ ስለሚይዝ፣ ያም የታሰረ አየር የሰውነታችንን ሙቀት ስለማያሳልፍ ነው። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና እንዲሁ ያደርጋል። ጋቢው በክረምት ዝናብ ሲበሰብስ ግን የአየሩን ስፍራ ውሃ ይወርሰዋል፤ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 24 ጊዜ አብልጦ ያሳልፋልና፣ ሌሊት ሲያሞቀን ያደረው ልብስ በአንድ አፍታ ብርድ ጠሪ ይሆናል።

አሁን ወደ ማድ ቤት እንግባ፤ በአገራችን ይህ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ በምጣድ ላይ ተገልጦ ይታያልና። በልጅነቴ ከጎረቤታችን ከአንዲት አሮጊት ዘንድ፣ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለው፣ እንጀራ ሲጋገር ተቀምጬ ማየት እወድ ነበር። ስልሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥቁር የሸክላ ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዶ፣ ከሥሩ ጭራሮው እየነደደ፣ ለረጅም ጊዜ ምንም ነገር ሳይጋገርበት ይቆያል። ምጣዱ ሲግል ጎመን ዘር ተነስንሶ በማሰሻ ይታሰሳል፤ ሊጡ ከዳር ጀምሮ እየተዞረ ወደ መሐል ይፈስሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር አክንባሎው ይደፋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ያህል ሲሆን ይከፈትና እንጀራው በሰፌድ ይወጣል። ከዚያ በኋላ አሮጊቷ ሁለተኛውን ሊጥ ወዲያው አያፈሱም፤ ምጣዱ እስኪመለስለት ይጠብቃሉ።

«እማማ፣ በብረት ምጣድ ቢሆን ቶሎ አይደርስም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ብረትማ ይቸኩላል ልጄ፤ ሥሩን ያሳርረውና ላዩን ጥሬ ያስቀርብሃል» አሉኝ።

እኒያ አሮጊት የፉሪዬን ስም አልሰሙም፤ ነገር ግን የተናገሩት በስሌት የሚረጋገጥ ነው። ሁለት ነገሮች በተገናኙ ጊዜ የመገናኛው ገጽ ሙቀት የሚወሰነው፣ እያንዳንዳቸው ሙቀትን ለመስጠትና ለመቀበል ባላቸው አቅም፣ ማለት አስተላላፊነታቸው፣ እፍግታቸውና ሙቀት የመያዝ ችሎታቸው ተባዝቶ ከሚሰጠው ቍጥር ካሬ ሥር በሚገኘው መጠን ነው። 20 ዲግሪ የሆነ ሊጥ 200 ዲግሪ በጋለ ብረት ላይ ቢፈስስ፣ መፍላቱን ሳንቆጥር፣ በነካበት ቅጽበት የሊጡ ሥር 185 ዲግሪ ያህል ይደርሳል፤ ብረቱ ከውስጡ ሙቀትን እያፈለሰ ያለ ማቋረጥ ይገፋዋልና። በዚያው መጠን በጋለ ሸክላ ላይ ቢፈስስ ግን የሊጡ ሥር ወደ 100 ዲግሪ ብቻ ይጠጋል፤ ሸክላው በገጹ ያለውን ሙቀት ከሰጠ በኋላ ከውስጡ ያለውን በዝግታ ያመጣዋል። ሊጡም ሳያርር ይፈላል፣ እንፋሎቱ ወደ ላይ መንገድ ያወጣል፣ ያ መንገድ ዓይን ሆኖ ይቀራል። አሮጊቷ በእንጀራና በእንጀራ መካከል የጠበቁትም ይህ ዝግተኛ ሙቀት ከሥር ወደ ገጹ እስኪደርስ ነው። የዛሬው የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ እሳቱን በሽቦ ተክቶ፣ ሽቦውን በሸክላው ሥር በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ያስኬዳል እንጂ ገጹን ሸክላ ከመሆን አልለወጠውም።

የሸክላ ትዕግሥት ግን ዋጋ አለው። ሙቀት በውስጡ ዝግ ብሎ ስለሚሄድ፣ አንድ ወገኑ በድንገት ሲሞቅ ሌላው ወገን ገና ቀዝቃዛ ነው፤ የሞቀው ሲሰፋ ያልሞቀው ይዞ ያስቀረዋል፣ በዚህም መሳሳብ ሸክላው ይሰነጠቃል። ሸክላ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ የተሰበረ ገል ፈጭተው ከጭቃው ጋር ያቦኩታል፤ ስንጥቁ በፍርፋሪው መካከል ኃይሉን ያጣልና። አዲስ ምጣድም በቀስታ ሳይሟሽ ለሥራ አይቀርብም። «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የተወለደው እንዲህ ያለውን ተሰባሪ ሀብት በሚያከብር ቤት ነው። ጀበናውም የዚያው እጅ ሥራ ነው፤ ቡናው በውስጡ እየፈላ ጆሮውን በባዶ እጅ ይዘን የምንቀዳው፣ ሸክላው ሙቀቱን ወደ ጆሮው ስለማያስሮጠው ነው። በብረት ማንቆርቆሪያ ብንቀዳ ግን ጨርቅ ያስፈልገናል።

ከማድ ቤቱ ወጥተን ቤቱን ራሱን ስንመለከት ነገሩ ከጨዋታ ወደ ኑሮ ይሸጋገራል። በአዋሽ ሸለቆ፣ በመተሐራ ከተማ፣ በጸሐይ ቀትር በአንድ ሻይ ቤት ቆርቆሮ ሥር ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ኮርኒስ አልነበረውም፣ ከደጅ ይልቅ ከውስጥ ይሞቅ ነበር፤ ተስተናጋጁ ሁሉ ወንበሩን እየያዘ ከደጅ ወዳለው የዛፍ ጥላ ወጣ። የቤት ክዳን የሆነ ቆርቆሮ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አስተላላፊነቱም 50 ያህል ነው። ሃያ ሳንቲ ሜትር የወፈረ የሣር ክዳን ግን በአገዳዎቹ ውስጥና መካከል አየርን ስላሰረ አስተላላፊነቱ 0.07 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ሣሩ በውፍረት 500 ጊዜ፣ በባሕርይ 700 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ሁለቱ ሲባዙ ሣሩ ለሙቀት የሚሰጠው እንቅፋት ቆርቆሮው ከሚሰጠው ከ300,000 ጊዜ በላይ ይሆናል። ቆርቆሮ በራሱ የሚከለክለው ሙቀት የለም ማለት ነው፤ ጥቂት የሚከላከልልን በሁለቱ ገጾቹ ላይ የሚያርፈው ስስ አየር ብቻ ነው። በቀን ጸሐይ ሲያርፍበት ከ60 ዲግሪ በላይ ግሎ ያንኑ ግለት ወደ ራሳችን ያወርደዋል፤ በሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ሰጥቶ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዝና፣ የእኛው ትንፋሽ ከውስጥ ገጹ ላይ ጤዛ ሆኖ ከመኝታችን ላይ ይንጠባጠባል። ከዚህም ሥር ሕፃናት ይማራሉ፣ ሕሙማን ይተኛሉ፣ አራስ ትታረሳለች።

ይህን ስል የሣርን ቤት አመሰግናለሁ፣ ቆርቆሮንም አላወግዝም። ሣር በእሳት ይጠፋል፣ ነቀዝና አይጥ ያስተናግዳል፣ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይሻል፤ ቆርቆሮ ዝናቡን ከልክሎ ለብዙ ዘመን ይኖራል። የጎደለን ነገር ሌላ ነው። አባቶቻችን ሣሩን ከነውፍረቱ፣ ጭቃውን ከነጭዱ የመረጡት በብዙ ትውልድ ፈተና ነበር፤ ጭድ በጭቃው ውስጥ አየር እንደሚያስር በቍጥር ባያውቁትም በኑሯቸው አውቀውታል። እኛ ሣሩን በቆርቆሮ ስንለውጥ ዝናብ መከላከሉን ብቻ አየን፤ ሣሩ በዝምታ ይሠራው የነበረውን ሁለተኛውን ሥራ ለማን እንዳስረከብን አልጠየቅንም። አንድን ነገር በሌላ የሚለውጥ ሰው፣ የፊተኛው ነገር ስንት ግብር እንደ ነበረው አስቀድሞ መቍጠር ይገባዋል።

መድኃኒቱ ከእጃችን የራቀ አይደለም። ከቆርቆሮው በታች የተወጠረ የአቡጀዲ ኮርኒስ እንኳ በመካከል የአየር ክፍል ስለሚያበጅ ብዙ ያግዛል፤ ከላዩ ደረቅ ጭድ ወይም ሌላ አየር አሳሪ ነገር ቢጨመርበት፣ ከእሳትም ቢጠበቅ፣ የጥንቱን የሣር ክዳን ጥቅም ይመልሳል። ለዚህ መንገድ የሚሆን ምሳሌ በምድጃችን አይተናል፤ ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላልና ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ፣ እሳቱን ዙሪያውን አጥሮ፣ ሙቀቱን ለምጣዱ ስላስቀረለት፣ በክፍት ጉልቻ ከሚጠፋው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ማዳን ችሏል። ይህ የሆነው የእናቶች ልማድና የሊቃውንት ሚዛን በአንድ ላይ ስለ ተቀመጡ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። የመጀመሪያው ለምሕንድስና መምህራን ነው፤ የየአውራጃውን ሸክላ፣ የየአገሩን ጭቃና ሣር አስተላላፊነት ተማሪዎቻችሁ ለክተው ይመዝግቡት። በምትለኩበትም ጊዜ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት በአክብሮት ሂዱ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በግብረ እዱ መስደብ በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ፣ ከዚያም ወዲህ ብዙ ዘመን፣ ሕዝባችን በእርሷ ምጣድ እየበላ እርሷን ግን «ቡዳ» እያለ ከማዕዱ ያርቃት ነበር፤ ይህ በደል በይቅርታ ብቻ የሚሻር አይደለም፣ ዕውቀቷን ተቀብሎ በስሟ በመጻፍ ጭምር እንጂ።

ሁለተኛው ልመናዬ ቤት ለምትሠራው ለአንተ ነው፤ አንባቢ ሆይ፣ ቆርቆሮህን ከመግዛትህ አስቀድመህ የኮርኒሱን ገንዘብ ለይተህ አስቀምጥ።